ቺፑ ያልጠየቀው

በጎጃም ገጠር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ሲረጋገጥ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸኛው ግን ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። በዚያ ቤት እግሩ ያበጠ ሰው አለ ወይ? አያት፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ? አለ ከተባለ ጋብቻው በሌላ ሰበብ ይቀራል። «ልጅቱ ገና ናት» ይባላል፤ «ለዘንድሮ አልተዘጋጀንም» ይባላል። ምክንያቱ ዝሆኔ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል።

የከተማ ሰው ይህን «አጉል እምነት» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ገበሬው ግን የሚናገረው ያየውን ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ሲያርሱ ይኖራሉ። አንደኛው ሰባ ዓመት ሞልቶት እግሩ ቀጥ እንዳለ ነው፤ የሌላኛው ገና በጉብዝናው ማበጥ ይጀምራል፤ ቆየት ብሎ ታናሽ እህቱ ትከተላለች። ይህን ትውልድ በትውልድ ያየ ሰው ዘርን ቢጠረጥር ምን ያስደንቃል? ሳይንሱም ጥርጣሬውን አልተቃወመም። ሁለቱ የሚለያዩት «በዘሩ ካለ አለቀለት» በሚለው ፍርድ ላይ ነው። የዚህ ሐተታ ጉዳይም ጥርጣሬውን ያረጋገጠው መሣሪያ፣ የዘረመል ቺፑ፣ ምን እንዳየና ምን ሳያይ እንደቀረ ነው።

በሽታው በሕክምናው ዓለም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ትንኝ ከምታስተላልፈው ሌላኛው የዝሆኔ ዓይነት ይለያል፤ ትልም፣ ባክቴሪያም፣ ቫይረስም አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ነው። በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣሉ፤ ቱቦው ይጠባል፣ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ እግሩ ከመርገጫው ተነሥቶ ወደ ጉልበት ያብጣል። በሽታው የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አካባቢ ነው። የጎጃሟ አዴት 2,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በቀይ አፈር መሐል ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ደቡብ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ደምበጫም በዚሁ መሥፈርት ውስጥ ይገባሉ። በቆሎውን፣ ጤፉንና በርበሬውን የሚያበቅለው አፈር ነው እግሩን የሚያሳብጠው። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአፈር ጥናት በሽታው የሚበዛባቸው ቦታዎች ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት የሚበዙባቸው መሆናቸውን አሳይቷል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እነ ዮርዳኖስ ሞላ በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳና በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ወረዳ፣ በ20 ቀበሌዎች ውስጥ 17,553 ቤቶችን አንድ በአንድ አንኳኩተው ያገኙት ውጤት ወጥቶ ነበር። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ታማሚ ነበሩ፤ 1,704 ታማሚዎችም ተጠይቀዋል። ታማሚው ወደ ሕክምና የሚሄደው እብጠቱ ከጀመረ በአማካይ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለ እግሩ የሚቀላበትና የሚያቃጥልበት ጥቃት በዓመት ውስጥ 24 ቀን ያህል ከሥራ ያስቀረዋል። እኔን ከሁሉም በላይ ያቆመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። እነዚህ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረጉበት መካከለኛ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፈሩና ቆዳው ሳይለያዩ ኖረዋል ማለት ነው።

ዘር አለበት የሚለውን ነገር በሳይንስ ወረቀት ላይ ያሰፈረው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ለበሽታው ስሙን ያወጣለትም እሱ ነው። በ1972 በሽታው በቤተሰብ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ዘረመል ድርሻ ሳይኖረው እንደማይቀር ጻፈ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2007፣ እነ ጌይል ዴቪ በወላይታ የቤተሰብ ሐረግ ቆጥረው የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ፣ በሰውና በሰው መካከል ካለው የመታመም ልዩነት 63 በመቶው ያህል ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ ገመቱ። ይህ 63 በመቶ ክፉኛ በስሕተት የሚነበብ ቁጥር ነው። «ከመቶ ልጆች 63ቱ ይወርሳሉ» ማለት አይደለም። ሁሉም በባዶ እግሩ በሚሄድበትና ሁሉም ያንኑ አፈር በሚረግጥበት አገር፣ አንዱ ታሞ ሌላው የዳነበትን ልዩነት ምን ያህሉን ውርስ ያስረዳዋል የሚለው ነው። ሁሉም ጫማ ካደረገ ልዩነቱ ራሱ ይጠፋል፤ ቁጥሩም ትርጉም ያጣል።

ዘር ካለ ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው ዘረመል ነው የሚል ነው። ቺፑ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ቺፑ፣ በሙያ ስሙ የዲ ኤን ኤ ማይክሮአሬይ፣ ጣት የምታህል ስፋት ያላት የመስተዋት ሰሌዳ ናት። ቀጥሎ በምንመጣበት የወላይታ የቺፕ ጥናት ሥራ ላይ በዋለው ዓይነት ላይ ውፍረታቸው ሦስት ማይክሮን የሆነ ጥቃቅን ዶቃዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ዶቃ ላይ 50 ፊደል ርዝመት ያለው የዲ ኤን ኤ ቁራጭ በብዙ ቅጂ ተተክሏል። የሰውየው ዲ ኤን ኤ ተቆራርጦ ሲፈስበት አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ይያያዛል፤ የገጠመው ይቀራል፣ ያልገጠመው ይታጠባል። ከዚያ ባለ ቀለም ምልክት ተጨምሮ በሌዘር ይነበባል። የብርሃኑ ቀለም ያ ሰው በዚያ ቦታ ላይ የትኛው ፊደል እንዳለው ይናገራል። ዶቃዎቹ የተሠሩት ከሲሊካ ነው፤ በእግር ገብቶ ይጎዳል ተብሎ የሚጠረጠረው የአፈሩ ቅንጣትም ሲሊካ አለበት። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግሁም።

የወላይታው የቺፕ ጥናት ውጤት በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። የጽሑፉ መሪ ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ ነበር፤ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ዶክተር አብርሃም አሰፋ፣ ከብራይተን ጌይል ዴቪና ሜላኒ ኒውፖርት፣ ከአሜሪካ የጤና ተቋም ናይጄሪያዊው ቻርልስ ሮቲሚ አብረውት ነበሩ። ከወላይታ 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች 600 ሺህ በሚጠጉ ቦታዎች ላይ በቺፕ ተነጻጸሩ። ከዚያ ሁሉ ቦታ ጎልቶ የወጣው በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤች ኤል ኤ ክላስ ሁለት የተባለው አካባቢ ነው። ይህ አካባቢ የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን የሚለይባቸውን ፕሮቲኖች የሚሠሩ ዘረመሎች ያሉበት ነው። በአባት፣ በእናትና በታማሚ ልጅ ተደራጅተው የተመረመሩ 202 ቤተሰቦችም ውጤቱን ደገፉ። ዲ አር ቢ 1 የተባለው ዘረመል 0701 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ቅጂ የያዘ ሰው የመታመም ዕድሉ ካልያዘው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ትልቅ ግኝት ነው። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የኢትዮጵያን ገበሬ በሽታ በዓለም ቀዳሚ የሕክምና መጽሔት ላይ ይዞ ወጣ። ግን ምን ተገኘ? በየዜናው «የዝሆኔ ዘረመል ተገኘ» ቢባልም የተገኘው በሽታውን የሚያመጣ ሚውቴሽን (የፊደል ለውጥ) አይደለም። የተገኘው ሚውቴሽኑ፣ ካለ፣ የት አካባቢ እንደሚፈለግ ነው። ይህን ልዩነት ለመረዳት ቺፑ እንዴት እንደሚጠይቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቺፕ ስም እንደሚጠራ መምህር ነው። መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ይጠራል፤ የተጠራው «አቤት» ይላል ወይም ዝም ይላል። መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ቢውል መምህሩ አያውቀውም። የሰው ጂኖም ሦስት ቢሊዮን ፊደል ነው፤ 600 ሺህ ጥያቄ በዚያ ላይ ሲዘረዘር በየ5,000 ፊደሉ አንድ ጊዜ መጠየቅ ነው። በመሐል ያሉት 4,999ኙ ምን እንደሆኑ የሚታወቀው በግምት ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎች ብዙውን ጊዜ አብረው ስለሚወረሱ።

ታዲያ ማይክሮአሬይ ቀድሞ ያልታወቀ ሚውቴሽን ፈጽሞ አያገኝም? በአንድ ዘዴ ያገኛል፤ ዘዴውም የቆየ ነው። በ1996 እነ ጆሴፍ ሐሲያ፣ ስቲቨን ፎዶርና ፍራንሲስ ኮሊንስ የጡት ካንሰር አደጋን የሚያበዛውን ቢ አር ሲ ኤ 1 የተባለ ዘረመል ወስደው 3,450 ያህል ፊደል ርዝመት ላለው አንድ ክፍሉ ብቻ 96,600 ቁራጮችን በሰሌዳ ላይ ደረደሩ። ለእያንዳንዱ ፊደል 28 ጥያቄ ይደርሰዋል። «እዚህ ቦታ ላይ ምን ሊኖር ይችላል?» የሚለውን ሁሉ አስቀድመው ዘርዝረው ጠየቁ። በ15 የታወቁ ተሸካሚዎች ላይ ሲሞክሩት የ14ቱን ሚውቴሽን አገኘ፤ ሚውቴሽን ከሌለባቸው 20 ሰዎች ውስጥ በሐሰት የከሰሰው አልነበረም። ያንን ዘዴ ወደ ሙሉ ጂኖም ብናሳድገው ግን 84 ቢሊዮን ጥያቄ ይሆናል። ያን ያህል የሚይዝ ሰሌዳ የለም። ስለዚህ ቺፑ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ትንሽ ቦታ ላይ ሁሉን መጠየቅ፣ ወይ ሰፊ ቦታ ላይ የታወቀውን ብቻ። ለበሽታ ፍለጋ የሚሠራበት ሁለተኛው ነው።

የታወቀው የማን ነው? የዚያ ዘመን ቺፖች የተሠሩት ሃፕማፕ ከተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በተገኘ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ 270 ሰዎችን ያካተተ ነበር፤ ከናይጄሪያ ዮሩባዎች፣ ከአሜሪካዋ ዩታ የአውሮፓ ዘር ያላቸው፣ ከቤጂንግ ቻይናውያን፣ ከቶኪዮ ጃፓኖች። ኢትዮጵያዊ የለበትም። ከእሱ በኋላ የመጣው የአንድ ሺህ ጂኖም ፕሮጀክትም ከአፍሪካ ጋምቢያን፣ ሴራሊዮንን፣ ናይጄሪያንና ኬንያን ይዞ ኢትዮጵያን አላካተተም። በአፍሪካ ሕዝቦች ደግሞ አብሮ የሚወረሰው የፊደል ሰንሰለት አጭር ነው፤ ሕዝቡ ዕድሜ ጠገብ በመሆኑ በየትውልዱ መቆራረጡ በዝቷል። በየ5,000 ፊደሉ መጠየቅ ለዩታ ሊበቃ ይችላል፤ ለጎጃምና ለወላይታ ግን ክፍተቱ ይሰፋል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንጠጋ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተመርማሪዎቹ ሁሉ መልስ በአንድ ሥዕል ላይ ይወጣል፤ አንድ ሰው አንድ ነጥብ ነው። ደህና የሠራ ጥያቄ ነጥቦቹን በሦስት ቦታ ይሰበስባል፦ ሁለቱም ቅጂው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ቅይጥ የሆነ፣ ሁለቱም ቅጂው ሌላኛው ዓይነት የሆነ። አንዳንዴ ግን ጥቂት ነጥቦች ከሦስቱም ውጪ፣ ደብዝዘው ወደ ታች ወርደው ይታያሉ። አንዱ ሊሆን የሚችለው ምክንያት ዲ ኤን ኤው መጥፎ ሆኖ ነው። ሌላው ምክንያት ሰውየው ቁራጩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ማንም ያልመዘገበው ሚውቴሽን ስላለበት በደንብ አለመያያዙ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን አይለይም። «ጥያቄው አልሠራም» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ የጥራት ማጣሪያው ያንን ጥያቄ ከነመልሱ ያወጣዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ደንቡ ነው፤ ያለ ማጣሪያ የሐሰት ግኝት ይበዛል። ነገር ግን የቺፑ ዝርዝር ከሌላ ሕዝብ የተቀዳ ሲሆን፣ ያልታወቀው የአገር ቤት ሚውቴሽን ራሱን የሚያሳይበት አንዱ ቦታ ያ የተጣለው ክምር ነው። በኢትዮጵያውያን ላይ የሚሠራ ማንኛውም የቺፕ ጥናት የጣላቸውን ጥያቄዎች ዝርዝር አብሮ ቢያወጣ ወጪው ኢምንት ነው፤ ለቀጣዩ ፈላጊ ግን ከየት እንደሚጀምር ይነግረዋል። እስካሁን በአብዛኛው የምናነበው ስንት እንደተጣለ የሚናገር አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

መዝገብ ያልያዘው ልዩነት በኢትዮጵያ ደም ላይ አስቀድሞ የታየ ነገር ነው። ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የተባለው ዘረመል ኮዴንን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈጭ የጉበት ኢንዛይም ይሠራል። በስዊድን ካሮሊንስካ የምትሠራው ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ በ1996 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ዘረመል ተደጋግሞ፣ አንዳንዱም ከሁለት በላይ ሆኖ፣ ይዘውት ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ የጥቂቶች ብቻ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴን ሲውጥ ሰውነቱ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል፤ ለሌላው ደህና የሆነው መጠን ለእሱ ሊበዛ ይችላል። የሮሽ ኩባንያ ይህን ዘረመል ከነድግግሙ የሚያነብ ማይክሮአሬይ ከአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘለት በ2004 መጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ መጀመሪያ ሰው ፈልጎ አገኘው፣ ከዚያ መዝገብ ላይ ገባ፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ ቺፑ ጠየቀ።

ወደ እግሩ እንመለስ። የመጀመሪያው ጥናት በወላይታ ብቻ ስለነበር ጎጃም ያልተመለሰ ጥያቄ ነበረው፤ የእኛስ ያው ነው? መልሱ በ2021 መጣ። ከወላይታ፣ ከአማራና ከኦሮሞ የተውጣጡ 1,892 ሰዎች በአዲስ የቺፕ ጥናት ተመረመሩ። በኤች ኤል ኤ ክላስ ሁለት አካባቢ 14 ቦታዎች ጎልተው ወጡ፤ ከሁሉ የጎላው ዲ አር ቢ 1 አጠገብ ያለው ነው። የመጀመሪያው ጥናት ሰዎች ሲጨመሩ ተመርማሪዎቹ 2,289 ደረሱ፣ የጎሉት ቦታዎችም 47 ሆኑ። ከዚያ አካባቢ ውጪ ግን አንድም አዲስ ቦታ አልተገኘም።

ይህን ውጤት በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። አንዱ፣ አገሩና ቋንቋው ቢለያይም በሽታው አንድ መንገድ አለው፤ መከላከያው የአፈሩን ቅንጣት ሲያይ ከልክ በላይ የሚቆጣበት ሰው እግሩ ያብጣል። ሁለተኛው፣ ቺፑ የሚችለውን ተናግሮ ጨርሷል። ሰው አምስት እጥፍ ቢጨመርለትም ያሳየው ያንኑ ቦታ ነው። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ሁለተኛው ግን በበቂ አይነገርም። ኤች ኤል ኤ ከሰው ጂኖም ሁሉ ልዩነት የሚበዛበት ቦታ ነው፤ በዓለም መዝገብ የተጻፉት ቅጂዎቹ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። 47 ቦታ አንድ ላይ መጉላቱም አብረው ስለሚወረሱ ነው፤ ከመሐላቸው የትኛው አድራጊ፣ የትኛው አጃቢ እንደሆነ ቺፑ ሊለይ አይችልም። ለዚያ አካባቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊደል በፊደል ማንበብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አዴት የምትታወቅበት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ድንች ይፈተሹበታል። የኢትዮጵያ ነባር የፓስታ ስንዴ ዝርያዎች ከ300 በላይ ናሙና ተሰብስቦላቸው፣ 90 ሺህ ጥያቄ በያዘ ቺፕ ተነበው፣ በ2016 ዝርዝራቸው ታትሟል። ለስንዴው ከየወረዳው እየተለቀመ ልዩነቱ ተመዝግቧል። ሰውየውስ? በ2012 እነ ሉካ ፓጋኒ ባወጡት ሰፊ የኢትዮጵያ ጥናት የተካተቱት ከአሥር የኢትዮጵያና ከሁለት ጎረቤት ሕዝቦች የተወሰዱ 235 ሰዎች ነበሩ። በዚህ ቁጥር የእህሉ መዝገብ ከገበሬው መዝገብ ይበልጣል ማለት ነው። በ2020 ኔቸር ላይ የወጣው የአፍሪካ ጥናት ከ50 የቋንቋ ማኅበረሰቦች የመጡ 426 ሰዎችን ሲያነብ ቀድሞ ያልተመዘገቡ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ልዩነቶች አግኝቷል። አፍሪካውያንን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ 2.3 ሚሊዮን ያህል ጥያቄ ያለው ቺፕም አሁን አለ። መዝገቡ እየሰፋ ነው፤ የደጋው ገበሬ ግን ገና በብዛት አልገባበትም።

አሁን አንባቢዬ «ታዲያ ይህ ሁሉ ለታማሚው ምን ይፈይዳል?» ይለኛል። ለእብጠቱ ዛሬ ምንም። ለእብጠቱ የሚፈይደው የታወቀ ነው፤ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጣቶች መሐል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ከታች ወደ ላይ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይህን በምሥራቅ ጎጃም እነ ሄኖክ ንጉሤ በ696 ታማሚዎች ላይ ለአንድ ዓመት በወጉ ፈትነውት በ2018 አሳትመዋል፤ እንክብካቤው ወዲያው የተጀመረላቸው ሰዎች የጥቃት ብዛት እስኪደርሳቸው ከጠበቁት በአንድ አምስተኛ ያህል አነሰ። ለመከላከያ ደግሞ የአውሮፓ ታሪክ ይበቃል። በሽታው በአንድ ወቅት በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ እንደነበረ ይነገራል፤ የጠፋው ሰው ጫማ ስላደረገ ነው። ዲ አር ቢ 1 0701 እስከ ዛሬ በአውሮፓ ሞልቶ ይገኛል፤ ዘሩ አልተቀየረም፣ እግሩ ተሸፈነ እንጂ። በጎጃም ጫማው ቤት ውስጥ ቢኖርም ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ይቆያል፤ ለእርሻ ይወልቃል። ጭቃ ላይ የሚያዳልጥ ኮንጎ ለአራሽ እንደማይመች ያረሰ ያውቃል። ለማሳ የሚሆን ርካሽ ጫማ መሥራት ከማንኛውም ቺፕ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ቺፑ የሚፈይደው ሌላ ቦታ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ምክክር ላይ። ሒሳቡን እናስላው። ከመቶ አዋቂ ሦስት ያህል በሚታመምበት ወረዳ የአደጋ ቅጂውን የያዘ ሰው ዕድል እጥፍ ነው እንበል። ካልያዙት መቶ ሰዎች ሦስቱ ቢታመሙ ከያዙት መቶ ስድስቱ ይታመማሉ፤ 94ቱ አይታመሙም። የ2021ዱ ጥናት ለጎላው ቦታ የሰጠው ግምት ደግሞ ከእጥፍም ያነሰ፣ አንድ ተኩል ገደማ ነው። የወላይታውን አምስት እጥፍ የወንድምና የእህት ግምት በጥንቃቄ ወደ ደምበጫ ብናመጣው እንኳ፣ ከታማሚ ወንድሞችና እህቶች መቶ ሰዎች ውስጥ ከ80 በላይ የሚሆኑት ደህና ናቸው፤ እነሱም አንድ ቤት አድገው፣ አንድ ማሳ ረግጠው ነው። እንዲህ ባለ ቁጥር ልጅ ከጋብቻ ማስቀረት የሚያስኬድ አይደለም። ይህን ቺፕ ተከትሎ «የዝሆኔ ምርመራ» የሚል ነገር የሚሸጥ ሰው ነገ ቢመጣም መባረር ያለበት በዚሁ ሒሳብ ነው።

ጥናቱ ራሱ መገለሉን ያባብሳል የሚል ስጋት ነበር፤ ተገቢም ነበር። ፋሲልና ባልደረቦቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት በወላይታ የፈቃድ አጠያየቁን ሲያጠኑ፣ ስለ ዘር ማውራት ሐሜቱን በሳይንስ ማኅተም እንደሚያጸድቅ የፈሩ ሰዎች አግኝተዋል፤ ይህንንም በ2009 ጽፈውታል። ለጊዜው ቀላሉ መንገድ ዘርን ጨርሶ አለማንሣት ነው፤ በብዙ የጤና ትምህርት ላይም «አፈር ነው፣ ዘር አይደለም» ተብሏል። ገበሬው ግን በዓይኑ ያየውን «የለም» የሚለውን አስተማሪ አያምነውም፤ አስተማሪውን ሲጥል ጫማውንም አብሮ ይጥላል። በኋላ በዚያው በወላይታ ኮሊን ማክብራይድና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ የሞከሩት ትምህርት ተቃራኒውን ሄደ። የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ነው፤ ያ ቆዳ ያለው ልጅ ከሌላው ቀድሞ ጫማ ያስፈልገዋል። ያየነውን አይክድም፣ ፍርዱን ግን ይቀይራል። የደምበጫና የአዴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን አባባል በጎጃም ለዛ ቢይዙት ከፖስተር ይሻላል።

ፍለጋው የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ተመራማሪ ከታማሚው እኩል ሊፈልገው የሚገባ ሌላ ሰው አለ፤ ዕድሜ ልኩን ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ አርሶ፣ ወንድሙ ታሞ፣ እሱ ሳይታመም ያረጀው። የአደጋ ቅጂውን ይዞም ያልታመመ ከሆነ ደግሞ የሚከላከልለት ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ያንን የሚጠይቅ መስመር ከወላይታው 600 ሺህ ጥያቄ ውስጥ ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ከአዴት እስከ ቡሬ በየቀበሌው አሉ። ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ትውልድ፣ ደግነቱ፣ ጫማ አድርጎ የሚያድግ ነውና ለዚህ ፈተና አይሆንም። ኤች ኤል ኤን ፊደል በፊደል ለማንበብ የሚመደብ ገንዘብ ካለ የመጀመሪያው ናሙና ከእነዚህ ሰዎች ቢወሰድ፣ ውጤቱም ተመልሶ ለቀበሌያቸው ቢነገር ይገባል።